ለቤተሰቡ አልተነገረም

ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ከተቀመጡት ሦስት ስልኮች ሁለቱ ተንቀጠቀጡ። ሦስተኛው ዝም አለ።

ኑሃሚን ልብሷን ልትቀይር ከክፍሉ ወጥታ ነበር። በልምምድ ሰዓት ስልክ ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ደንቡን ያወጣችው አሠልጣኟ አፀደ ናት። እረፍት በመሆኑ ግን አፀደ የራሷን አንስታ አየችው። ከዕድሩ የመጣ መልእክት ነው፤ እንደ ወትሮው አጭር።

«አቶ አምባቸው ወልዴ ደሴ ላይ በድንገት ዐርፈዋል። ለቤተሰቡ አልተነገረም።»

ከጠረጴዛው ማዶ የአንዲት ሌላ ተማሪ እናት ሰብሐት፣ ለልጆቹ ያመጣችውን ሳምቡሳ ከካርቶን ወደ ሳህን እያወጣች ነበር። እሷም ስልኳን አንስታ አነበበች። ሳምቡሳው እጇ ላይ ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ከዚያ የሁለቱም ዓይን እኩል ሦስተኛው ስልክ ላይ አረፈ። የኑሃሚን ስልክ ነው። አምባቸው አባቷ ነው።

ስልኩ ዝም ያለው ተበላሽቶ አልነበረም። ዝም እንዲል አድርጋ የሠራችው ራሷ ኑሃሚን ናት። ባለፈው ዓመት አንዲት የዕድሩ አባል የወንድሟን ሞት አውራ ጎዳና ላይ እየነዳች፣ በጅምላ ከተላከ መልእክት ሰማች። መኪናዋን ከመንገዱ ዳር እንዴት እንዳቆመች እስከ ዛሬ አታውቅም። ያን ጊዜ የዕድሩ ሽማግሌዎች ወደ ወረቀትና ወደ ቤት ስልክ እንመለስ ሲሉ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ኑሃሚን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። ሰው ሲሞት ስሙ ይገባል፤ ሥርዓቱ የሟቹን ቤተሰብ ስልኮች ለይቶ ይዘላቸዋል፤ የቀረው ሰው ሁሉ ይሰማል። ሽማግሌዎች ሄደው መርዶውን ካረዱ በኋላ «ተነግሯል» የሚለውን እስኪነኩ ድረስ ለዚያ ቤት ከዕድሩ ምንም ነገር አይደርስም። የስብሰባ ጥሪ እንኳ አይደርስም።

አፀደ ለብዙ ዓመት የሰው ሶፍትዌር ስትፈትሽ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ያንን ትታ አትላንታ ዳር ኖርክሮስ ውስጥ ጥቁር ልጃገረዶችን ለቴክኖሎጂ ሙያ ወደሚያዘጋጅ ማኅበር ገባች። ሒሳብ ታስጠናለች፤ ከሁሉ በላይ ግን በሰው ፊት መቆም ታስተምራለች። ከአበሻ ቤት የመጡትን ልጆች ዓይናቸውን ከመሬት ለማንሳት ብቻ ወራት ይፈጅባታል። «ሠራን አትበይ፤ ሠራሁት በይ» ትላቸዋለች። የኑሃሚንን ሥራ ባየች ቀን ግን ማስተማሯን ትታ ደጋግማ ሞክራው ነበር። «መልእክት የሚልክ ሞልቷል» አለቻት በመጨረሻ። «ያንቺ ለማን እንደማይናገር ያውቃል። ይህን ያዢ።»

ኑሃሚን ይህን ይዛ እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰች። ዛሬ ከሰዓት በፊት መሀል ከተማ በዳኞች ፊት ትቆማለች። ያለው የአንድ ልጅ ቦታ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ክፍያ በሙሉና በየክረምቱ ሥራ። ዳኞቹ ዛሬ መጥተው ዛሬ ወስነው ይሄዳሉ። ካለፋት እናቷ የምትሠራበት የዱሉዝ መጋዘን ከመስከረም ጀምሮ ቦታ እንዳለው አስቀድሞ ተጠይቋል።

በሩ ተከፈተ። ኑሃሚን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ እጅጌው ስለረዘመባት ጫፉን በጣቶቿ ይዛ ቆመች። ሰብሐት ሳምቡሳውን ጥላ ሄዳ አቀፈቻት፤ አልለቀቀቻትም።

«እንዴት አምሮብሻል የኔ ቆንጆ።»

«አንቲ ሰብሐት፣ ባለፈው ሳምንት ‹መጥረጊያ መስለሻል› ስትዪኝ አልነበር?»

«ያኔ ምግብ አትበዪም ነበራ።»

«ዛሬም አልበላሁም።»

ሰብሐት ሳቀች። ሳቁ ግን ዘግይቶ መጣ፣ ሲመጣም በዛ። ኑሃሚን ከትከሻዋ በላይ አፀደን አየቻት፤ ምን ነካት እንደማለት ቅንድቧን አነሳች። አፀደ ቁልፏን ፈልጋ ወደ ውጭ ወጣች።

መኪና ማቆሚያው ላይ የጥድ ብናኝ ሁሉንም ነገር ቢጫ አልብሶት ነበር። አቶ ሳህሌ ወዲያው ደወሉ። የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ የአምባቸው ወንድም ከደሴ የደወለው ለእሳቸው ነው። አምባቸው የታመመች እናቱን ሊያይ ሄዶ እዚያው እናቱ ቤት በተኛበት ቀረ፤ ልብ ነው ይላሉ። ሚስቱ ሐረገወይን መጋዘኗ ውስጥ ናት፤ እዚያ ስልክ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ስለሚውል አንድ ነገር ቀለላቸው። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ ፓይን ሌክ ቤታቸው አካባቢ ይሰባሰባሉ፤ እናትና ልጅ ሁለቱም ሲገቡ ይገባሉ። አንዷ በሌለችበት ለአንዷ አይነገርም።

«ልጅቷ አደራዎት ናት ወይዘሮ አፀደ» አሏት። «ስትጨርስ ይዘዋት ይምጡ። ፊትዎ እንዳያሳብቅብዎት ብቻ።»

«እሺ ጋሼ ሳህሌ።»

«ሥራዋ እኮ ልክ እንዳለችው ነው። እነሱ ቤት ሳይደርስ ለሁላችንም ደረሰን። እኔ ራሴ ነኝ ስሙን ያስገባሁት፤ ቁልፉን ስነካው…» ብለው ቀሪውን ተዉት።

አፀደ ስልኩን ዘጋች። ቢጫው ብናኝ ጫማዋ ላይ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። የኑሃሚን ዝግጅት በሥዕል የሚታይ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጡት የዕድሩ አባላት የሙከራ ጥሪ ትልካለች፤ ስልኮቹ ሁሉ ይጮኻሉ፤ የራሷም ስልክ ግድግዳው ላይ በትልቁ እየታየ ይጮኻል። ዛሬ የራሷ አይጮኽም።

መንገድ ላይ አፀደ የመኪናውን ሬዲዮ ከፈተች፣ ዘጋችው። ኑሃሚን ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ የመግቢያ ቃሏን በለሆሳስ ትደጋግማለች።

«በሥዕል ብናሳያቸውስ?» አለች አፀደ።

ልጅቷ ዘወር አለች። «ላይክ… ስላይድ?»

«መስመር ቢቋረጥ፣ አንድ ነገር ቢቆም ብዬ ነው።»

«‹ሥዕል ማንም ያሳያል› ያልሽው አንቺ ነሽ። ቃል በቃል አንቲ። ቢቆም ደግሞ ምን እንዳቆመው ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱም ያንቺ ነው።»

«እንግዲያው ግድግዳው ላይ የኔ ስልክ ይታይ። ሰፊ ነው።»

«ያንቺ ስልክ?» ኑሃሚን ከልቧ ሳቀች። «አንቲ፣ ያንቺ ስልክ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው። ዳኞቹ ሲያዩት ያዝኑልናል።»

አፀደ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ልጅቷን ሰው ፊት እንዳትንበረከክ፣ አስተያየት ሲመጣባት ምክንያት እንድትጠይቅ፣ የራሷን እንዳትለቅ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ አሁን እያንዳንዱ ትምህርት ተመልሶ በር ይዘጋባታል። ኑሃሚን አባቷን አነሳች። ከአየር ማረፊያ ለሚያመላልሳቸው መንገደኞች ሁሉ ልጄ ኢንጂነር ናት እያለ ሲያወራ እንዴት እንደምታፍር፣ አንዱ ፈረንጅ እውነት መስሎት የሥራ አድራሻውን እንደሰጠው፣ ሲመለስ ደግሞ ሙሉውን ታሪክ ለተሳፋሪው ሊነግር እንደሆነ። «ሲመለስ» አለች ደጋግማ። አፀደ በእያንዳንዱ «ሲመለስ» ላይ መስመር የምትቀይር መስላ መስታወቱን ታይ ነበር።

ሕንፃው መስታወት ነው፤ ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ፊቱ ላይ ተኝቶበታል። የአዳራሹ መግቢያ ላይ ቫለሪ ጠበቀቻቸው። ማኅበሩን የመሠረተችው እሷ ናት፤ እዚሁ አትላንታ ተወልዳ ያደገች፣ ከቤቷ የመጀመሪያዋ መሐንዲስ። አፀደ ኑሃሚንን ወደ መድረኩ ከላከች በኋላ ለቫለሪ ነገረቻት። ለአንድ ሰው መንገር ነበረባት።

ቫለሪ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ሳትጮኽ፣ ግን ሳታወላውል ንገሪያት አለች። አባቷ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያውቀውን እሷ ሳታውቅ እንዴት ትቆማለች? አፀደ ስለ መርዶ ልታስረዳት ሞከረች፤ በእንግሊዝኛ ስትናገረው ነገሩ ከሥርዓት ይልቅ ማታለል መሰለ። ቀኑ ይዛወር እንደሆን ጠየቀች። ቫለሪ ዳኞቹን ለማናገር ሄደች፤ ምክንያቱን ሳትናገር ጠይቃ ተመለሰች። አይሆንም። ያልቀረበች ልጅ ቦታው ያልፋታል።

«ብቻዋን መስማት የለባትም» አለች አፀደ።

«ብቻዋን አይደለችም እኮ» አለች ቫለሪ። «አንቺ አለሽ።»

ለአፀደ የባሏ ሞት በቀጥታ ነበር የተነገራት። ወጣት ሐኪም፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ቃሉን ሳያድበሰብስ፤ በደንብ የሠለጠነ ልጅ ነበር። አመስግናዋለች። ከዚያ መኪናዋን ያቆመችበት ፎቅ ጠፍቷት የሕንፃውን ማቆሚያ ከላይ እስከ ታች በእግሯ ዞራለች። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ለቫለሪም አልተናገረችው።

«ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አለቻት ቫለሪና ወደ ውስጥ ገባች።

አዳራሹ ውስጥ የዕድሩ አባላት የሆኑ እናቶች አንድ ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ከወትሮው በዝተዋል። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው መጥተው ነበር፤ ሰብሐት ጎንበስ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር ስትላቸው ደንግጠው አስተካከሉት። ኑሃሚን ከመድረኩ ሆና እጇን አወዛወዘችላቸው። ሁሉም እኩል እጃቸውን አነሱ። አፀደ ከፊት ወንበር ስትቀመጥ ሴቶቹ በሙሉ የሷን ጀርባ እንደሚያዩ ተሰማት።

ኑሃሚን ጀመረች። ዓይኗ መሬት ላይ አልነበረም። «ሠራሁት» አለች፣ ‹ሠራን› አላለችም። ሦስቱ ዳኞች፣ ሁሉም ጥቁር ሴቶች፣ ወደ ፊት ዘመም አሉ። ዕድር ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳች፤ ስለዚያች መንገድ ላይ ስለሰማችው ሴት ስትናገር አንዷ ዳኛ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ኮቷን አስተካክላ፣ አሁን በእውነት ላሳያችሁ አለችና ቁልፉን ነካች።

ስልኮቹ ጮኹ። በየቦርሳው፣ በየኪሱ፣ በእናቶቹ ረድፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር። ዳኞቹ ፈገግ ብለው ዘወር አሉ። ግድግዳው ላይ በትልቁ የሚታየው የኑሃሚን ስልክ ገጽ ግን ባዶ ነበር።

ጠበቀች። ደግማ ነካች። ስልኮቹ እንደገና ጮኹ፤ አሮጊቷ የራሳቸውን ማጥፋት አቅቷቸው በነጠላቸው ሸፈኑት። ግድግዳው ባዶ ነው።

ኑሃሚን አልተደናገጠችም። ችግር ሲገጥም የማደርገውን ታያላችሁ አለች ለዳኞቹ፤ እንዲያውም ደስ ያላት ትመስላለች። የሥርዓቱን የውስጥ መዝገብ ግድግዳው ላይ ከፍታ መስመር በመስመር ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። መልእክቱ ወጥቷል። የእሷ ቁጥር አባል ነው፤ ይሠራል። ቁጥሩ ተዘልሏል። ምክንያት…

አፀደ ከወንበሯ ግማሽ ድረስ ተነሳች።

ልጅቷ አንብባ ጨረሰች፤ ድምፅ ሳታወጣ። ግድግዳው ላይ ለሁሉም ይታያል፤ ለዳኞቹ ግን በማያውቁት ፊደል የተጻፈ አጭር መስመር ነው። «ለቤተሰቡ አልተነገረም።» ስም የለበትም። ስሙ የሚመጣው አንድ ቁልፍ ተጨማሪ ሲነካ ነው። የኑሃሚን ጣት ቁልፉ ላይ ነበር።

ቀና ብላ ወደ እናቶቹ ረድፍ አየች። ሰብሐት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። በመጨረሻ አፀደን አየቻት፤ ግማሽ ተነስታ፣ ወንበሩን ተደግፋ። ምን ያህል ጊዜ እንደተያዩ አፀደ በኋላ ልታስታውሰው አልቻለችም። ልጅቷ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

«ስህተት አይደለም» አለች በእንግሊዝኛ ወደ ዳኞቹ ዞራ። «በትክክል እየሠራ ነው። አንድን ቤት እየጠበቀ ነው።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሙቀት ብቻ ነው የጠፋው። የቀረውን አንድም ሳትዘል ተናገረች። ከዳኞቹ በዕድሜ የገፋችው መነፅሯን አውልቃ ጠየቀቻት፤ ያ የተዘለለው ሰው በመጨረሻ እንዴት ያውቃል?

«ሰዎች ይመጣሉ። የሚወዱት ሰዎች መጥተው አብረውት ይቀመጣሉ። እስከዚያ አያውቅም።»

«ቀድሞ ቢያውቅስ?»

ኑሃሚን የኮቷን እጅጌ ጫፍ ያዘች።

«ለዚያ ምንም አልሠራሁለትም» አለች።

ዳኛዋ ጥሩ መልስ እንደሆነ ነግራት አንድ ነገር ጻፈች። ጭብጨባ ሆነ። እናቶቹም አጨበጨቡ፤ ምን እንደሚያደርጉ የጠፋቸው ሰዎች አጨባጨብ።

በኋላ መነፅር ያላት ዳኛ አፀደን ኮሪደር ላይ አገኘቻት። እንዲህ ያለ መረጋጋት በዚህ ዕድሜ አይቼ አላውቅም አለቻት፤ ምንድነው የምታስተምሩአቸው? አፀደ አመሰገነቻት። ድምፁ ያንኑ ወጣት ሐኪም ያመሰገነችበት ድምፅ ነበር። ቫለሪ ማቆሚያው ድረስ ተከትላት መጥታ በመኪናው መስኮት ጎንበስ አለች፤ ቦታው የእሷ ሆኗል፣ ጊዜው ሲሆን ንገሪያት ብላ በጆሮዋ ተናገረች። አፀደ ራሷን ነቀነቀች። አሁን ሁለት ያልተነገረ ነገር ይዛለች።

ኑሃሚን ሽቦዎቿን ጠቅልላ፣ ላፕቶፗን ዘግታ፣ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ቀበቶዋን አሠረች። እናቶቹ መኪኖቻቸውን እያስነሱ ከፊታቸው ወጡ፤ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ታጠፉ፣ ወደ ፓይን ሌክ። ልጅቷ አየቻቸው፤ የት እንደሚሄዱ አልጠየቀችም።

አፀደ እንድትጠይቃት ጠበቀች። ከጠየቀች ትነግራታለች፤ ከአዳራሹ ስትወጣ ይህን ለራሷ ወስናለች። አቶ ሳህሌ ቢቀየሙም፣ ዕድሩ ቢያማትም፣ የተጠየቀችውን አትዋሽም። መንገዱ ረዘመ። ዝናብ ሊጀምር ብሎ አልጀመረም። ልጅቷ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ፊት ለፊት ታያለች። አፀደ ቀስ በቀስ ገባት፤ አለመጠየቋ አለማወቅ አይደለም። እስካልጠየቀች ድረስ አያቷ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አጎቷ ሊሆን ይችላል፤ በዓይኗ አይታው የማታውቅ የሩቅ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ወይም እናቷ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ማሽን መካከል። እስካልጠየቀች ድረስ ማንም አልሞተም።

የኑሃሚን ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ደነገጡ።

እናቷ ናት። ልጅቷ ስሟን ስታይ ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችው ትንፋሽ ወጣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሆዷ። ከዚያ ከፈተችው። የሐረገወይን ድምፅ መኪናውን ሞላው። ከሥራ ወጥታለች፣ መኪና ውስጥ ናት፣ እንዴት ሆነልሽ፣ ምን አሉሽ፣ በልተሻል ወይ፤ መልስ ሳትጠብቅ ትጠይቃለች። ኑሃሚን ጥሩ ነበር አለቻት። ዳኞቹ ወደዱት አለቻት።

«ተመስገን» አለች እናቷ። «ለአባትሽ ልነግረው ስደውል ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ለወንድምየው ብደውል አያነሳም። ምን ሆነው ነው?»

ኑሃሚን ወደ አፀደ ዞረች።

አፀደ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። ፊቷን ለማስተካከል ሞከረች፤ ጠዋት ሙሉ ሲታዘዝላት የነበረው ፊት አሁን እምቢ አላት። ከጎኗ ልጅቷ እያየቻት እንደሆነ፣ ማየቷን እንዳልተወች፣ ከዚያም እንደተወች ታወቃት። የዝናብ መጥረጊያው የመኪናውን ደረቅ መስታወት አንድ ጊዜ ጠርጎ ቢጫውን ብናኝ ዳር ላይ ሰበሰበው።

«ኑሂ? አለሽ?»

«አለሁ እማዬ» አለች ኑሃሚን። ድምፅዋ ያ የመድረኩ ድምፅ ነበር፤ ያልቸኮለ፣ የጠራ። «ኔትወርክ ይሆናል። እዚያ እኮ ሁሌም ይጠፋል።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

«አሁን የት ደረስሽ?»

አውራ ጎዳናው ላይ ልገባ ነው አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አትግቢ። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነይ፣ እሺ? ቀስ ብለሽ። ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለም።»